ወደ መጋዘኑ ያልደረሰ ምትኬ፦ የማኅበረሰብ መዛግብት፣ የመስመር አቅም እና የአገልግሎት ሰጪዎች ግዴታ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጭብጥ

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሟቸው የመረዳጃ ማኅበራት፣ ዕድሮች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የአማርኛ ትምህርት ቤቶች መዝገባቸውን በወረቀት ብቻ የሚይዙበት ዘመን አልፏል። የአባላት ዝርዝር፣ የመዋጮ ሒሳብ፣ የጥገኝነት ጠያቂዎች ፋይል፣ የአረጋውያን የቃል ምስክርነት፣ ከቪኤችኤስ ካሴት የተገለበጠ የሠርግና የበዓል ቅጂ፣ ሁሉም በአንድ ቢሮ ኮምፒዩተር ወይም ጠረጴዛ ሥር በተቀመጠ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገኛል። ይህ አደጋ መሆኑን የተረዱ ቦርዶች መዛግብታቸውን ከቢሮ ውጭ፣ በክላውድ የሚያስቀምጥላቸው ድርጅት ቀጥረው በየወሩ ይከፍላሉ። ከፍለው ሲያበቁም ጉዳዩ የተዘጋ ይመስላቸዋል።

አልተዘጋም። መጋዘን መከራየትና ዕቃን መጋዘን ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መዝገቡን ወደ ክላውድ የሚያደርሰው መንገድ የቢሮው የአፕሎድ መስመር ነው። ያንን መንገድ ሳይለካ፣ ሳያስተዳድርና ስለ አቅሙ በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ምትኬ የሚሸጥ ድርጅት ግማሽ አገልግሎት በሙሉ ዋጋ ይሸጣል። ይህን ሳይጠይቅ የሚፈርም ቦርድም የአባላቱን አደራ በግማሹ ብቻ ይጠብቃል።

1. ሒሳቡ የሚናገረው

ክርክሩን ከቃላት ይልቅ ቁጥር በተሻለ ይፈታዋል። 2 ቴራባይት ሰነድ፣ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ያለው አንድ መካከለኛ ማኅበር ይታሰብ። የቢሮው መስመር በሰከንድ 5 ሜጋቢት ወደ ውጭ የሚልክ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሙሉ ምትኬ ያለ አንዳች ማቋረጥ ቀንና ሌሊት ቢላክ 37 ቀን ይፈጃል። የቢሮውን ሥራ እንዳያውክ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብቻ ይላክ ከተባለ ደግሞ 111 ሌሊት ይወስዳል። ከ3 ወር ተኩል በላይ ማለት ነው። በእነዚህ ወራት ሁሉ ቦርዱ «ምትኬ አለን» እያለ ለጠቅላላ ጉባኤው ሪፖርት ያቀርባል፤ እውነቱ ግን ምትኬው ገና በመንገድ ላይ መሆኑ ነው።

መስመሩ ወደ 20 ሜጋቢት ከፍ ቢል ያው ሥራ ቀንና ሌሊት ተልኮ 9 ቀን ከጥቂት ሰዓት፣ በሌሊት ብቻ ተልኮ 28 ሌሊት ያህል ይሆናል። የመስመሩ ኪራይ ውል ወርኃዊ የአጠቃቀም ገደብ ካለው ሌላ ግድግዳ ይቆማል። ገደቡ 1.2 ቴራባይት ቢሆን፣ የመጀመሪያው ምትኬ ብቻውን የአንድ ወሩን ኮታ ጨርሶ አብዛኛውን የሁለተኛውን ወር ኮታ ይበላል። ተጨማሪው ክፍያ በማኅበሩ ሒሳብ ላይ ሲመጣ ገንዘብ ያዡ የሚያቋርጠው የመጀመሪያው ነገር ምትኬው ይሆናል።

ከመጀመሪያው ምትኬ በኋላ የሚላከው አዲስ የተጨመረውና የተለወጠው ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ሒሳብ አለው። በሰከንድ 6 ሜጋቢት የተቀዳ የ4 ሰዓት የእሑድ መርሐ ግብር ቪዲዮ ወደ 11 ጊጋባይት ይጠጋል። በ5 ሜጋቢት መስመር ይህ አንድ ፋይል ለመጓዝ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ቪዲዮ ከመጀመሪያውም የታመቀ ስለሆነ ሶፍትዌሩ የቱንም ያህል ቢጨምቀው እምብዛም አይቀንስም። የሒሳብ መዝገቡ ደግሞ 4 ጊጋባይት የሆነ አንድ ፋይል ከሆነና ሶፍትዌሩ የተለወጠውን ክፍል ለይቶ ከመላክ ይልቅ ፋይሉን ሁሉ እንደገና የሚልክ ከሆነ፣ አንድ የመዋጮ ደረሰኝ በገባ ቁጥር ሌሊቱ ላይ ወደ 2 ሰዓት የሚጠጋ ጉዞ ይጨመራል።

እነዚህ ስሌቶች የሚያስፈልጋቸው ማባዛትና ማካፈል ነው። በአንድ ገጽ ላይ ያልቃሉ። አገልግሎት ሰጪው ውል ከመፈራረሙ በፊት ይህን አንድ ገጽ የማያቀርብበት በቂ ምክንያት የለም።

2. የጠበበው በር ታሪክ

የመስመሩ ጥበት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ቤቶችና ቢሮዎች ኢንተርኔት የሚያገኙት ለኬብል ቴሌቪዥን በተዘረጋ መረብ ነው። ያ መረብ የተሠራው ምስል ከማዕከል ወደ ቤት እንዲወርድ ነበር። ስለዚህ ወደ ላይ ለሚሄደው መልእክት በተለምዶ የተተወው ከ5 እስከ 42 ሜጋኸርዝ ያለው ጠባብ የሞገድ ክፍል ሲሆን፣ የቀረው ሰፊ ክፍል ሁሉ ለሚወርደው ተሰጠ። ተጠቃሚው ተመልካች እንጂ የራሱ መዝገብና ድምፅ ያለው ወገን ይሆናል ተብሎ አልታሰበም።

ሕጉም ይህን አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ አጽንቶታል። የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን በ2015 «ብሮድባንድ» ለሚለው ስም ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ በሰከንድ 25 ሜጋቢት ለዳውንሎድ፣ 3 ሜጋቢት ለአፕሎድ ነበር። ይህ ልክ ወደ 100 እና 20 ከፍ ያለው በመጋቢት 2024 ነው። በመካከሉ ባሉት 9 ዓመታት 2 ቴራባይት ለመላክ 2 ወር የሚፈጅ መስመር በሕግ ዓይን «ፈጣን» ይባል ነበር። ዛሬም ማስታወቂያዎች በትልቅ ፊደል የሚጽፉት የዳውንሎዱን ቁጥር ነው።

ጠባቡ በር ደግሞ የሚያገለግለው ምትኬን ብቻ አይደለም። የእሑድ ቀጥታ ስርጭት፣ የበይነ መረብ ስልክ፣ የዙም ስብሰባ፣ የልጆች የአማርኛ ትምህርት የሚወጡት በዚያው በር ነው። ምትኬው ያለ ገደብ ሲለቀቅ በሩን ይሞላዋል። በሩ ሲሞላ የሚወርደውም ይዘገያል፤ የሚወርድ መረጃ ሁሉ «ደረሰኝ» የሚል ትንሽ ማረጋገጫ ወደ ላይ መልሶ መላክ አለበትና። ውጤቱ የታወቀ ነው። ስርጭቱ ይቆራረጣል፤ ስልኩ ይንተባተባል፤ ምእመናን ቅሬታ ያሰማሉ፤ አንድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት ምትኬውን «ለጊዜው» እንዲያጠፋው ይታዘዛል። ለጊዜው የጠፋ ምትኬ ተመልሶ የሚበራው ብዙውን ጊዜ አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

እንግዲህ ምትኬ የሚከሽፈው ክላውዱ ስለተበላሸ ብቻ አይደለም። ከመስመሩ ጋር ያለው ግጭት በማንም ስላልተዳኘም ይከሽፋል። ዳኝነቱ ቀላል ነው። በሥራ ሰዓት ምትኬው ከመስመሩ አንድ አምስተኛውን ብቻ እንዲይዝ፣ ሌሊት ሙሉውን እንዲወስድ፣ በስርጭት ሰዓት ፈጽሞ እንዲቆም ማዘዝ ይቻላል። በራውተሩ ላይ ደግሞ ለስልክና ለስርጭት ቅድሚያ ይሰጣል። ይህን ማስተካከል ለባለሙያ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። ሳይሠራ የሚቀረው ማን እንደሚሠራው በውሉ ላይ ስላልተጻፈ ነው።

3. «በጣም ትልቅ ስለሆነ»

የመስመር አቅምን የቴክኒክ ዝርዝር ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው በመስከረም 2025 በደቡብ ኮሪያ የደረሰውን ይመልከት። መስከረም 26 ቀን በዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ከሊቲየም ባትሪ የተነሣ እሳት የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ የሚያስቀምጡበትን ሥርዓት አወደመ። የጠፋው 858 ቴራባይት ነበር። ባለሥልጣናቱ እንደገለጹት ሥርዓቱ ከውጭ ምትኬ ያልነበረው መጠኑ ትልቅ በመሆኑ ነበር። በዓለም ላይ ፈጣን ኢንተርኔት አላቸው ከሚባሉት አገሮች በአንዱ፣ «ትልቅ ስለሆነ አይላክም» የሚለው ሐሳብ የብዙ ዓመት ሥራ አመድ አደረገ።

ከዚያ በፊት መጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ተቃጥሎ ነበር። አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። መረጃቸውንም ምትኬያቸውንም በዚያው ቅጥር ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም በአንድ ሌሊት አጡ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት «ክላውድ» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አለመሆኑ ነው። ቅጂው የት አገር፣ የት ከተማ፣ በስንት ሕንፃ እንደተቀመጠ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያውያን ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደሉም። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍትን በፊልም ቀድቶ፣ አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል አስቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በስደት ሆነው ለአሥርት ዓመታት እነዚያን ቅጂዎች መርምረው ዝርዝራቸውን ለዓለም ሊቃውንት ማቅረብ የቻሉት ቅጂው ከአደጋው ቀጣና ውጭ ስለነበረ ነው። ያ ሥራ በዘመኑ የነበረውን መንገድ ለክቶ የተነሣ ነበር። መስመር ባልነበረበት ጊዜ ፊልሙ ራሱ ባሕር ተሻገረ።

ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። የመጀመሪያውን ትልቅ ምትኬ በተመሰጠረ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ በመልእክተኛ ወደ መረጃ ማዕከሉ መላክ፣ ከዚያ በኋላ በመስመሩ የዕለቱን ለውጥ ብቻ መላክ በሙያው የታወቀ አሠራር ነው። 111 ሌሊት የሚፈጀው ሥራ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ደንበኛው ይህ አማራጭ መኖሩን ካልተነገረው አማራጩ እንደሌለ ይቆጠራል።

4. የሚጠፋው የማን ነው?

አንድ የንግድ ድርጅት ፋይሉን ቢያጣ ገንዘብ ያጣል። የማኅበረሰብ ማኅበር ፋይል ሲጠፋ የሚጎዱት ሰነዱን ዳግም የማያገኙ ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ ሕግ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አገር በገባ በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት ይጠበቅበታል። ማመልከቻውን የሚደግፈው የትውልድ ማስረጃ፣ የእስር ወረቀት፣ የሐኪም ደብዳቤና የተረጋገጠ ትርጉም ብዙ ጊዜ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስካን ተደርጎ ይቀመጣል። ዋናው ወረቀት አገር ቤት ቀርቶ ወይም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ያ ዲስክ ከቀነ ገደቡ አንድ ወር በፊት ቢበላሽና ምትኬው «72 በመቶ ተጠናቅቋል» የሚል ቢሆን፣ የቀረው 28 በመቶ ውስጥ ያለው የማን ፋይል እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

በአውሮፓ ያሉ ማኅበራት ደግሞ ከሞራል ግዴታ በተጨማሪ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 32 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ አካል፣ ከአደጋው አንጻር እንደ አስፈላጊነቱ፣ አደጋ ሲደርስ መረጃውን በወቅቱ መልሶ የማግኘት አቅም እንዲኖረው ይጠይቃል። «በወቅቱ» የሚለው ቃል ስለ መስመር ፍጥነት የሚናገር ቃል ነው። መረጃው ሳይሄድ ቀርቶ ከሆነ፣ ወይም ለመመለስ ወራት የሚፈጅ ከሆነ፣ ወርኃዊ ክፍያ መከፈሉ ብቻውን ግዴታውን አያሟላም።

5. ለመከራከሪያዎች መልስ

«ፋይበር እየመጣ ነው፤ ጥቂት መታገሥ ይሻላል» የሚሉ አሉ። ፋይበር የሚደርስበት ቀን ለእያንዳንዱ ሰፈር ይለያያል፤ እሳት፣ ሌባና የተበላሸ ዲስክ ግን ያንን ቀን አይጠብቁም። ፋይበር ሲገባም ያለ ሥርዓት የሚላክ ምትኬ ሰፊውንም በር ሊሞላው ይችላል።

«ጉግል ድራይቭ አለን፤ በዋትስአፕም ተላልኳል» የሚለው ሁለተኛው ነው። ማመሳሰል ምትኬ አይደለም። አንድ ሰው በስህተት የሰረዘው ፋይል ወይም በቫይረስ የተቆለፈ ሰነድ በማመሳሰል አማካይነት በሌላው ቦታም ይሰረዛል፣ ይቆለፋል። ቀድሞ የነበሩት ቅጂዎች ተጠብቀው የሚቆዩበት ጊዜ ውስን ነው። ዋትስአፕ ደግሞ ፎቶግራፍን አሳንሶ ይልካል፤ የ1980ዎቹ የስደተኛ ካምፕ ፎቶግራፍ ለታሪክ ሊቀመጥ የሚገባው በተጨመቀ መልኩ አይደለም።

«ሁለተኛው ቅጂ አገር ቤት ይቀመጥ» የሚል አገር ወዳድ ሐሳብም ይነሣል። ሐሳቡ የተከበረ ነው፤ ከሌሎች ቅጂዎች ጋር ተጨማሪ ሆኖም ሊጠቅም ይችላል። ብቸኛ ምትኬ ሊሆን ግን አይገባም። ከኅዳር 2020 ጀምሮ በትግራይ፣ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ መቋረጡ ይታወሳል። ባለቤቱ በማይቆጣጠረው ምክንያት ሊዘጋ በሚችል መስመር ማዶ ያለ ቅጂ በሚፈለግበት ቀን አይገኝም።

አገልግሎት ሰጪዎች በበኩላቸው «መስመሩ የደንበኛው ነው፤ እኛ የምንሸጠው ማስቀመጫ ነው» ይላሉ። የጭነት መኪና ድርጅት የድልድዩን አቅም ሳይጠይቅ ጭነት አይቀበልም። ድልድዩን የሠራው እርሱ ስላልሆነ ከመጠየቅ ነፃ አይወጣም። ምትኬ የሚሸጥ ድርጅት መስመሩን ማስፋት አይጠበቅበትም፤ መለካት፣ ማሳወቅና ምትኬውን በመስመሩ ልክ ማስኬድ ግን የሸጠው አገልግሎት አካል ነው።

6. ምክረ ሐሳቦች

ለማኅበራት ቦርዶች፦

ሀ. ውል ከመፈረሙ በፊት የአፕሎዱ ፍጥነት በሥራ ሰዓት፣ በምሽትና በእሑድ ይለካ። በአሜሪካ ትልልቅ የኢንተርኔት ድርጅቶች ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ፣ ትናንሾቹ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የተለመደውን የአፕሎድ ፍጥነትና የአጠቃቀም ገደብ በመረጃ መለያ ላይ የማሳየት ግዴታ አለባቸው። መለያው ይጠየቅ፣ ይነበብ።

ለ. መዛግብት በደረጃ ይከፈሉ። የጥገኝነት ፋይል፣ የአባላት መዝገብና ሒሳብ ቀድመው ይሂዱ፤ እነዚህ መጠናቸው ትንሽ ስለሆነ በጠባብ መስመርም ቢሆን በጥቂት ሌሊት ይደርሳሉ። ቪዲዮው በዲስክ ይላክ ወይም ተራውን ይጠብቅ።

ሐ. ቢያንስ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1 ከቢሮ ውጭ የሚለው የሙያው ደንብ ይከበር። የምስጠራው ቁልፍ በማኅበሩ እጅ፣ ከአንድ ሰው በላይ በሚያውቀው ቦታ ይቀመጥ።

መ. በዓመት 2 ጊዜ የተወሰነ ፋይል ከምትኬው ተመልሶ ይሞከር፤ ውጤቱም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። 2 ቴራባይት በ300 ሜጋቢት መስመር ለመመለስ በስሌት 15 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ይህ እውን መሆኑ የሚታወቀው በሙከራ ብቻ ነው።

ለአገልግሎት ሰጪዎች፦

ሀ. የመጀመሪያው ምትኬ የሚጠናቀቅበት ቀን በውሉ ላይ ይጻፍ። ያ ቀን ከ30 ቀን የሚያልፍ ከሆነ በዲስክ የመላክ አማራጭ ይቅረብ።

ለ. በሰዓት የተከፋፈለ የመስመር አጠቃቀም ሰሌዳ ከደንበኛው ጋር ተስማምቶ ይዘጋጅ፤ በዓላትና ልዩ መርሐ ግብሮችም ይካተቱበት።

ሐ. ምትኬ ለ3 ተከታታይ ቀናት ሳይሄድ ከቀረ ለአንድ ቴክኒሻን ብቻ ሳይሆን ለቦርዱ ሰብሳቢ ማስታወቂያ ይድረስ።

መ. መረጃን መልሶ ለማውጣት የሚከፈለው ዋጋ ከመጀመሪያው በግልጽ ይነገር። ከመስከረም 2025 ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ሕግ መሠረት፣ ከጥር 12 ቀን 2027 ጀምሮ ደንበኛ ወደ ሌላ የክላውድ ድርጅት ሲዛወር የመዛወሪያ ክፍያ ማስከፈል ይቀራል። ከአውሮፓ ውጭ ያሉ ማኅበራትም ይህንኑ በውላቸው ሊጠይቁ ይገባል።

ለሕግ አውጪዎችና ለግዛት የብሮድባንድ ጽሕፈት ቤቶች፦

ሀ. የአሜሪካ የ2021 የመሠረተ ልማት ሕግ «የማኅበረሰብ መልሕቅ ተቋማት» በሚላቸው ውስጥ ከትምህርት ቤት፣ ከቤተ መጻሕፍትና ከጤና ተቋም ጋር፣ ተጋላጭ የኅብረተሰብ ክፍሎች በብሮድባንድ ይበልጥ እንዲጠቀሙ የሚረዱ የማኅበረሰብ ድጋፍ ድርጅቶችንም ያካትታል። የስደተኞች መረዳጃ ማኅበራት በዚህ ትርጉም ውስጥ መሆናቸው በግልጽ ይታወቅ። ማኅበራቱም ሌላ ወገን እስኪያስታውሳቸው ሳይጠብቁ ራሳቸውን ያስመዝግቡ።

ለ. ዝቅተኛው የአፕሎድ ልክ 20 ሜጋቢት ላይ መቆሙ የመጨረሻ ግብ ተደርጎ አይወሰድ። ሰው የሌሎችን ሥራ ብቻ የሚቀበል ሳይሆን የራሱንም የሚልክና የሚያስቀምጥ መሆኑ በሕጉ ልክ ላይ ይታይ።

ማጠቃለያ

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው። ቅጠሉ በዚህ ዘመን አንድ ገጽ ስሌት፣ አንድ የሰዓት ሰሌዳ፣ አንድ የተመሰጠረ ዲስክ እና በዓመት ሁለት ጊዜ የሚደረግ ሙከራ ነው። ዋጋው ማኅበራቱ ለአንድ የበዓል አዳራሽ ከሚከፍሉት ኪራይ የሚበልጥ አይሆንም። ይህን ሳያደርጉ የክላውድ ደረሰኝ ብቻ ፋይል አድርጎ መቀመጥ ግን፣ አደራውን በር ላይ ጥሎ «መጋዘን ገብቷል» ብሎ እንደ መመስከር ይቆጠራል። በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ ላይ መነሣት ያለበት ጥያቄ አጭር ነው፦ እስከ ትናንት ማታ ድረስ ከመዝገቡ ስንት በመቶው ደርሷል? መልሱን የሚያውቅ ሰው በስብሰባው ላይ ከሌለ፣ የመጀመሪያው ምክረ ሐሳብ በዚያው ዕለት ሥራ ላይ ይዋል።